ማንም አልሞተም

በ1992 ዓ.ም. ጎሮ ውስጥ የሚጠበቁ ሁለት ነገሮች ነበሩ፤ ስልክና ፊራኦል። ስለ ሁለቱም "እየመጣ ነው" ይባላል እንጂ የመጣ አልነበረም። ስልኩን የምንጠብቀው ሁላችንም ነን። ፊራኦልን የሚጠብቁት ግን እናቱ እማማ ደሪቱ ብቻ ነበሩ፤ ሌላው ሰው ተስፋ ከቆረጠ ቆይቷል።

እኔ ልዩ እባላለሁ። ከእማማ ደሪቱ አጥር ጋር የተያያዘች ትንሽ ሱቅ አለችኝ፤ ስኳር፣ ሳሙና፣ ሻማ፣ ክብሪት እሸጣለሁ። ምላሷ ይፈጥናል ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው። ዝም ያለ ሰፈር ስልክ አይገባለትም ብዬ ነው። በመጮኽም አልገባልን እንጂ።

ማመልከቻ ካስገባን ዓመታት አልፈዋል። በሄድን ቁጥር "መስመር የለም፣ ማስፋፊያው ሲያልቅ" እንባላለን። ማስፋፊያ የተባለው ነገር በመጨረሻ መጣና ሲኤምሲ አጠገብ ረጅም ጉድጓድ ቆፍሮ ቆመ። ሲቆፍሩ ደግሞ እዚያ የነበረችን አንዲት የሕዝብ ስልክ ገመዷን ቆረጡት። ስለዚህ ማስፋፊያው የነበረችንንም ይዞብን ሄደ ማለት ነው። የሲኤምሲ ባለቪላዎች ስልካቸው ሳሎናቸው ውስጥ ስለሆነ ጉድጓዱን በመኪና ዞረው ያልፋሉ። እኛ ግን አንድ ቃል ለመናገር ታክሲ ተሳፍረን ቦሌ ድረስ መውረድ ነበረብን።

ሞባይል የሚባለውም የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። ከሰፈራችን የገዛው ሙዘሚል ብቻ ነበር። ሙዘሚል ቦሌ መድኃኔዓለም አጠገብ የቆርቆሮና የሚስማር ሱቅ፣ ዕቃ የሚጭንበትም ፒካፕ አለው፤ ቤቱ ከእኔ ሱቅ ፊት ለፊት ነው። ሞባይሉን ቀበቶው ላይ እንደ ሽጉጥ ሰክቶ ይንጎራደዳል። ቦሌ ላይ ሲያወራ ውሎ ጎሮ ሲገባ ኔትወርክ የለም። በየሳምንቱ "ወደ ምሥራቅ እየሰፋ ነው ብለውኛል" ይለናል። ሚስቱ አስማ ታዲያ "እስኪሰፋ አንተ ለምን እዚያው አታድርም?" ትለዋለች።

እማማ ደሪቱ የጎሮ ልጅ ናቸው፤ ጎሮ ገና ማሳ ሳለ የተወለዱ። ዛሬ ቪላ የበቀለበት መሬት ጤፍ የሚበቅልበት እንደነበር የሚያስታውሱ እሳቸው ናቸው። አሁን የቀሯቸው ግቢያቸውና ሁለት ላሞች ናቸው፤ ወተቱን ለሲኤምሲ ሰዎች ይሸጣሉ። ባላቸው በጊዜ ነው የሞቱባቸው። ያላቸው አንድ ልጅ ፊራኦል ነው፤ እሱም ድሬዳዋ ጋራዥ ተቀጥሮ መካኒክ ሆኗል። ሲሄድ "ሰው ሆኜ እመጣለሁ" ብሎ ነበር። ለመስቀል እመጣለሁ ይላል፣ መስቀል ያልፋል። ለገና ይላል፣ ገናም ያልፋል። ባዶ እጄን እናቴ ደጅ አልቆምም ማለቱ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ኩራት ነው። እኔ ብሆን ጆሮውን ይዤ ነበር የማመጣው።

የሕዝብ ስልኳ ደህና ሳለች የማስደውላቸው እኔ ነበርኩ። የጋራዡን ቁጥር በቃሌ ይዤዋለሁ። እሳቸው መነጋገሪያውን በሁለት እጃቸው ጥብቅ አድርገው ይይዙና ስለ ጤናው ይጠይቁታል፣ ስለ መምጣቱ ይጠይቁታል። እሱ "ደህና ነኝ፣ እመጣለሁ፣ ቻው" ይላል። አለቀ። አንድ ቀን ስንመለስ መንገድ ላይ ቆሙና "ልዩ፣ ይሄ ልጅ እኔ ትዝ እለው ይሆን?" አሉኝ። እንዴት ትዝ አይሉትም አልኳቸው። መንገዳቸውን ቀጠሉ። ስልኳ ከተቆረጠች ወዲህ፣ ቦሌ ወርደን እናስደውልዎት ስንላቸው ሰው ማስቸገር አልወድም ስለሚሉ፣ ያቺንም "ደህና ነኝ" አልሰሙም፤ አንጀቴን የሚበላኝ ይሄ ነበር።

እሑድ ከሰዓት ሰፈሩ ሙዘሚል ግቢ ተሰበሰበ። የመሩት የእድራችን ዳኛ አቶ አስፋው ናቸው፤ ጡረታ የወጡ፣ ቁመታቸው ረዘም ያለ፣ ሲናገሩ ድምፃቸው የማይሰማ ሰው። እንዲህ ተወሰነ፤ ሰኞ ጎህ ሲቀድ ተነስተን ስልክ መሥሪያ ቤቱ በር ላይ ከሁሉ ቀድመን እንድንሰለፍ። አቶ አስፋው ደግሞ "ደሪቱን ከፊት እናስቀድም። እሷን አይቶ እምቢ የሚል የሰው ልጅ የለም" አሉ። ሁሉም ተስማማ። እማማ ደሪቱ ግን ስብሰባው ላይ አልነበሩም፤ ለገጣፎ እህታቸውን ሊጠይቁ ሄደው ነበር። እኔ አስማ የምትነግራቸው መስሎኝ፣ አስማም እኔ የምነግራቸው መስሏት፣ ሳይነገራቸው አደሩ።

ኅዳር ነው። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ወንዶቹ ጋቢ ተከናንበዋል፣ ሴቶቹ ነጠላችንን እስከ አፍንጫችን ጠቅልለናል። አቶ አስፋው ከፊት፣ እኛ ከኋላ ሆነን፣ የሰፈሩ ውሻ እንዳይረበሽ ድምፃችንን አጥፍተን የእማማ ደሪቱን የቆርቆሮ በር አንኳኳን።

ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል "ቆይ፣ ምን መስለን ነው የቆምነው?" ያለ አንድም አልነበረም። በእኛ ሰፈር መርዶ የሚነገረው ልክ እንደዚህ ነው፤ ጎህ ሲቀድ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ አቶ አስፋውን አስቀድሞ። ሰውየው በስንቱ ቤት አርድተዋል። በቀን እንኳ መንገድ ሲያልፉ፣ ልጇ ሩቅ ያለባት እናት ደጃፍ ላይ ቆም አይሉም፤ ሴትየዋ ትደነግጣለች ብለው። ጊዜውም የጦርነት ጊዜ ነበር፤ ፊራኦል ወታደር ባይሆንም የሁሉም እናት ጆሮ ቆሞ ነው የሚያድረው።

እማማ ደሪቱ ላም እያለቡ ነበር መሰል፣ የወተት ባልዲያቸውን እንደያዙ ከፈቱ። መጀመሪያ አቶ አስፋውን አዩ። ከዚያ እኛን አንድ በአንድ አዩን። አንዳችን እንደምን አደሩ ለማለት እንኳ አልደረስንም።

"ፊራኦል" አሉ።

አቶ አስፋው ነገሩ ገባቸውና ተጣደፉ። ሲጣደፉ ደግሞ ድምፃቸው ይብስ ዝቅ ይላል። "ደህና ነው ደሪቱ። ምንም የለም። ተረጋጊ፣ እስቲ መጀመሪያ ቁጭ በይ" አሏቸው።

ይህን ቃል ከአቶ አስፋው አፍ የሰማች ሴት ሁሉ በማግስቱ ጥቁር ለብሳለች። ባልዲው ወደቀ፣ ወተቱ እግራችን ሥር ፈሰሰ። እማማ ደሪቱ ደረታቸውን ይመቱ ጀመር። "ፊራኦል ኢልማ ኮ" ይላሉ፤ ልጄ፣ ልጄ። ሮጬ ያዝኳቸው። መያዜም ጥፋት ሆነ፤ መርዶ ሲነገር ጎረቤት የሚይዘው እንደዚሁ ነዋ።

"እማማ፣ ለስልክ ጉዳይ ነው የመጣነው" አልኳቸው።

"ማን ደወለ? ምን አለ የደወለው?"

"ማንም አልደወለም። እማማ፣ ማንም አልሞተም።"

"እሱን ነው የምትሉት። ሁልጊዜ እሱን ነው የምትሉት" አሉና መሬት ላይ ተቀመጡ።

እውነታቸውን ነበር። ሰው ሞቶ ስንሄድ የምንለው እሱኑ ነው። ደህና ነው እንላለን፣ ትንሽ አሞት ነው እንላለን፣ ቀስ እያልን ነው የምንገድለው። አሁን እውነቱን ለመናገር ሌላ ቃል ብንፈልግ አንድም አጣን። ሙዘሚል በአላህ ስም ማለ። ባለፈው ዓመትም የጎረቤታችን የአሰፋሽ ወንድም ሞቶ "በጣም ደህና ነው" ብሎ የማለው እሱ መሆኑን እማማ ደሪቱ አልረሱትም።

ለቅሶ ደግሞ ይሰማል። ማዶ ያሉት መጡ፣ ከታች ያሉት መጡ፣ እያለቀሱ ገቡ። ከማዶ የመጣችው ሙሉነሽ ጎኔ ተቀምጣ እንባዋን እየጠረገች "መቼ ነው የሞተው?" አለችኝ። አልሞተም ስላት እጄን ጨበጥ አድርጋ "አይዞሽ" አለችኝ። የእድሩ ልጆች ድንኳኑን ይዘው ደረሱ፤ ማን እንደላካቸው እስከ ዛሬ አይታወቅም። ለስልክ ምሰሶ ስንት ዓመት የለመነ ሰፈር፣ የድንኳን ምሰሶ ሻይ እስኪፈላ አቆመ። አስማን ዞር ብዬ ባይ እሷም ስቅስቅ ብላ ታለቅሳለች።

"አንቺ ደግሞ ምን ሆነሽ ነው? አብረሽን አይደለም እንዴ የመጣሽው?"

"እሳቸው ሲያለቅሱ እንዴት አላለቅስ? ደግሞስ ልዩ፣ ከሰማን ስንት ጊዜያችን ነው? እንጃ፣ ፈራሁ።"

እሷ ስትል እኔም ፈራሁ። ልጁን ያየው የለም፣ የሰማው የለም። ያለ ወሬ የከረመ ሰው ደህና ነው ብዬ የምምለው በምን አውቄ ነው? ያን ጊዜ ነው ከድምፁ በቀር ምንም እንደማያድነን የገባኝ።

"ሙዘሚል፣ መኪናህን አስነሳ" አልኩት።

"ወዴት?"

"ያ ኔትወርክህ እስካለበት ድረስ።"

እማማ ደሪቱ እንቢ ይላሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። ወደ ፊራኦል ልንሄድ ነው ስላቸው ግን ወዲያው ተነሱ። ሬሳው ጋ የምንወስዳቸው መስሏቸዋል። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለበሱና ፒካፑ ውስጥ በእኔና በሙዘሚል መካከል ተቀመጡ። አቶ አስፋው፣ አስማና ሌሎቹ ከኋላ ተጫኑ። መንገዱ አቧራና ጉድጓድ ነው። እኔ ሞባይሉን ይዤ ክንዴን በመስኮት አውጥቻለሁ፤ ከፍ ሲል ይስባል ብሎኛል ሙዘሚል። ገርጂ ስንደርስ የኔትወርክ ምልክቷ ብቅ አለች። "አቁም" አልኩት። ሲያቆም ጠፋች። ወደ ኋላ መለሰው፣ የለችም። ወደ ፊት ነዳው፣ የለችም። ላም የሚነዳ ሰውዬ ቆሞ ያየናል። ስልኩንም፣ ማስፋፊያውንም፣ ወደ ምሥራቅ የሚሰፋውንም ነገር ሁሉ አንድ ላይ ረገምኩ።

እማማ ደሪቱ አያለቅሱም አሁን። ጮኸው ጮኸው ድምፃቸው ጭራሽ ተዘግቷል። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው መንገዱን ያያሉ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ በሹክሹክታ፣ "ብርድ ላይ ነው ያስተኙት?" አሉኝ። እንባዬ መጣ፤ ትከሻቸውን አቀፍኳቸው።

ቦሌ መድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ጋ ስንደርስ ምልክቷ ሞልታ ቆመች። ሙዘሚል ከሱቁ ፊት ለፊት አቆመ። እማማ ደሪቱ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞረው አማተቡ። ቁጥሩን ደወልኩ። ሁሉም ወርዶ መኪናውን ከበበ። የጋራዡ ዘበኛ አነሳው።

"ፊራኦልን ፈልጌ ነበር።"

"ፊራኦል? የለም።"

እማማ ደሪቱ ፊቴን ነው የሚያዩት። ፊቴን እንዴት እንደያዝኩት እኔ ነኝ የማውቀው። "የት ሄደ?" አልኩ።

"ገና አልገባም። ቆይ፣ ቆይ፣ ይኸው መጣ። ፊራኦል፣ ስልክ።"

እግር ሲሮጥ ተሰማኝ። ምንም ሳልናገር ሞባይሉን እማማ ደሪቱ ጆሮ ላይ ለጠፍኩት። ድምፁ ውጪ ድረስ ይሰማል። "ሃሎ? ሃሎ፣ ማን ልበል?" ይላል። አፋቸውን ከፈቱ፤ ድምፅ አልወጣም። "ሃሎ?" አለ ደግሞ። አወቁት። እንደ ሕፃን ሆኑ፤ ስልኩን ለቀው ጭኔ ላይ ተደፍተው አለቀሱ። አስማም ጮኻ አለቀሰች፣ ከኋላ የነበሩት ሴቶችም እግዚአብሔር ይመስገን እያሉ አለቀሱ፤ አቶ አስፋው እንኳ በጋቢያቸው ጫፍ ፊታቸውን ሸፈኑ።

ሞባይሉን አነሳሁት። "ፊራ፣ ልዩ ነኝ፣ የጎሮዋ።"

"ልዩ? ምንድነው የሚጮኸው? ምን ሆናችሁ ነው?"

"ምንም አልሆንንም። ደህና ነን።"

"ሃርሜስ?" አለ፤ እናቱን በኦሮምኛ እንደዚያ ነው የሚጠራቸው።

"ደህና ናቸው። አትረበሽ፣ ተረጋጋ። እዚሁ አጠገቤ ናቸው።"

"ስጪኝ። አገናኚኝ።"

"አሁን መናገር አይችሉም ፊራ" አልኩት።

"ለምን?" ሲል ሰማሁት። ከዚያ ሞባይሉ ጢጥ አለና ጠፋ። ሙዘሚል ነጠቀኝና ነካካው፤ ባትሪው አልቋል። ለካ ጎሮ ሌሊቱን ሙሉ የሌለ ኔትወርክ ሲፈልግ እያደረ ነው ባትሪውን የሚጨርሰው። እዚያው መንገድ ዳር ካለው የሕዝብ ስልክ ብንደውል ዘበኛው "ወጥቷል" አለን። መኪና ሊፈትሽ ወጥቶ ይሆናል አልን። እማማ ደሪቱ ግን ከዚህ በላይ አልፈለጉም። ድምፁን ሰምተዋል። እስከ ጎሮ ድረስ እጄን ይዘው እንደዚያው እየሳቁ እያለቀሱ ሄዱ።

የዚያን ቀን ስልክ መሥሪያ ቤቱ ስንት ሰው እንዳስተናገደ አላውቅም፤ ከጎሮ ግን ማንም አልሄደም። ስንመለስ ድንኳኑ ተተክሎ፣ አግዳሚው ተደርድሮ፣ ለቀስተኛው ተቀምጦ ይጠብቀናል። እማማ ደሪቱ "ተነስታችሁ እንዳትሄዱ፣ ልጄ አለ" ብለው ለሁሉም ምሳ አበሉ። በዚያው ድንኳን ውስጥ ተበላ፣ ተጠጣ፣ ተሳቀ። አቶ አስፋው ከእንግዲህ ፀሐይ ሳትወጣ የማንንም በር አላንኳኳም ብለው ማሉ። ድንኳኑን ማታ የሚነቅል ጉልበት አልነበረንም፤ ነገ ይነቀላል ብለን ተለያየን።

በማግስቱ ጠዋት ለሱቄ ወተት ልወስድ እማማ ደሪቱ ግቢ ነበርኩ። እሳቸው ሲያልቡ እኔ ቁጢጥ ብዬ የትናንቱን እያወራን እንስቃለን። ከመንገዱ በኩል የወንድ ለቅሶ ተሰማ። ሩቅ አገር ሆኖ የተረዳ ሰው ሰፈሩ ሲደርስ ጀምሮ የሚያለቅሰው ለቅሶ ነው። የማን ቤት ነው ብዬ ተነሳሁ። ለቅሶው ቀረበ። በቆርቆሮው ስንጥቅ ባይ ፊራኦል ነው፤ ከድሬዳዋ በጭነት መኪና ሲጓዝ አድሮ፣ የጋራዥ ልብሱን እንኳ አልቀየረም። ድንኳኑን ሲያይ በሩ ላይ ተንበረከከ።

ትናንት በስልክ ያልኩት ቃል ያን ጊዜ ነው ተመልሶ የመጣልኝ። ምንም አልሆንንም፣ ተረጋጋ፣ መናገር አይችሉም። ልሮጥ ስል እማማ ደሪቱ ክንዴን ያዙ።

ቆመው ነበር። የልጃቸውን ድምፅ ከሩቁ አውቀውታል። ለማን እንደሚያለቅስም ገብቷቸዋል።

"ሃርሜ" ይላል ውጪ፣ ግንባሩን ቆርቆሮው ላይ አድርጎ። "ሃርሜ፣ ሳልደርስልሽ። ባዶ እጄን አልመጣም ብዬ ይኸው ባዶ ቤት መጣሁ። ስትደውዪ አለቃዬ ፊት ነው የማናግርሽ፣ ሁሉም ይሰማል፣ ምን ብዬ ልንገርሽ? ቻው ብዬሽ ከመኪና ሥር ገብቼ ነበር የማለቅሰው። ስምሽን እዚያ ማንም አያውቀውም፣ ለራሴ ነበር የምጠራሽ። ማን አለኝ ከእንግዲህ? ለማን ብዬ ነው ሰው የምሆነው?"

እኔ አልቻልኩም። "እማማ፣ ልክፈትለት፣ ልቡ ይፈነዳል" አልኳቸው።

ክንዴን አለቀቁም። እንባቸው በጉንጫቸው ይወርዳል፣ ፊታቸው ግን እንደዚያ ቀን በርቶ አይቼው አላውቅም። ጆሯቸውን ወደ በሩ አዘንብለዋል።

"ተይው" አሉኝ በዚያ በተዘጋ ድምፃቸው። "ተይው ልዩ፣ ይጨርስ።"

ቆመን ሰማነው። ሲደክመውና ዝም ሲል እማማ ደሪቱ እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉ፣ ፀጉራቸውን በሻሽ አስተካከሉ፣ ሄደው በሩን ከፈቱለት።